ማን ቆጠረው?

የእህቴ ልጅ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች። ትንፋሿ መስታወቱን አደብዝዞታል፤ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፣ መልሳ ትለጥፋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ቡናማ አጥንቶች ጥቁር ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። የጎድን አጥንት ስብርባሪ፣ ግማሽ ዳሌ፣ የክንድ አጥንት፣ የታችኛው መንጋጋ። ከሥሩ አንድ ካርድ አለ። «ሉሲ (ድንቅነሽ)። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። የሰው ልጅ ቅድመ አያት።» በቃ፣ ይኸው ነው።

የሙዚየሙን ስም ልተወው። የሉሲ ቅጂ በብዙ አገር አለ፤ ካርዱም ከቦታ ቦታ ብዙ አይለይም።

ከጎናችን አንድ አዛውንት ቆመዋል። ካርዱን ሁለቴ አነበቡት። በለሆሳስ «በስማም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለመሆኑ ማን ቆጠረው?»

ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። መልሱን አውቀው ነበር፣ ቢያንስ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልናገረው ስል ግን አልመጣልኝም። ልጅቷ ፈጠን ብላ አስጎብኚውን ያዘችው። «ግን እንዴት አወቁት?» አለችው። «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» አላትና ሰዎቹን እየመራ ወደሚቀጥለው መስታወት ሄደ።

አዛውንቱና ልጅቷ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። እሳቸው ላለመቀበል፣ እሷ ለማወቅ። ካርዱ ለሁለቱም መልስ አልነበረውም። እኔም እንደ ካርዱ ሆንኩ።

ያደግሁት ዘፍጥረትን በቃሉ በሚያውቅ አባት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ዝግመተ ለውጥ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ቾኩን አስቀመጠና «ይሄን ለፈተና ያዙት፤ ለልባችሁ የራሳችሁ አላችሁ» አለን። ክፍሉ ሳቀ። ለፈተና ዝግመተ ለውጥ፣ ለቤት አዳምና ሔዋን። ብዙዎቻችን እንደዚህ ሁለት ኪስ ይዘን ነው ያደግነው። ችግሩ ሙዚየም ስትገባ ነው። እዚያ አጥንቱ ፊት ለፊትህ አለ፤ የትኛው ኪስ ውስጥ እንደምትከተው ግራ ይገባሃል።

ስለዚህ ሙዚየሞች በዚህ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ባየሁ ቁጥር ጆሮዬን እሰጣለሁ።

ናይሮቢን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። ከንብረቶቹ አንዱ «የቱርካና ልጅ» የሚባለው አፅም ነው። 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከሞላ ጎደል ሙሉ የሚባል የታዳጊ ልጅ አፅም። በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ ያገኘው ካሞያ ኪሜው የሚባል ኬንያዊ ነው። መጀመሪያ ያየው ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ የግንባር አጥንት ቁራጭ ነበር፤ ጠጠር መሀል ያለ ጠጠር የሚመስል ነገር። (እንዲህ ያለ ዓይን በትምህርት ይሁን በተፈጥሮ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ።) እናም ሙዚየሙ ሊከፈት ሲዘጋጅ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፣ ጳጳስ ቦኒፌስ አዶዮ ፊት ሆነው፣ ዘመቻ ከፈቱ። አፅሙ ጎልቶ አይታይ፣ ከታየም ዝግመተ ለውጥ ከጽንሰ ሐሳቦች አንዱ ብቻ መሆኑ ይነገር አሉ። ታዋቂው ኬንያዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ሊኪ በበኩሉ ቱግ አለ። ሙዚየሙ በ2008 ሲከፈት ልጁ ቦታውን አላጣም።

ያን ጊዜ ያለማንገራገር ከሊኪ ጋር ነበርኩ። ዛሬም በዋናው ነገር ከእሱ ጋር ነኝ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጳጳሱ የሚናገሩላቸው ምእመናን እኮ የሙዚየሙ ጎብኚዎች ናቸው። ትኬት የሚቆርጡት፣ ልጆቻቸውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ቀድሞውንም ላመነ ሰው ብቻ ከሆነ ሙዚየም ምን ያደርጋል?

ሌላው ጫፍ አሜሪካ፣ ኬንተኪ ነው። በ2007፣ ፒተርስበርግ በምትባል ቦታ፣ በ27 ሚሊዮን ዶላር «የፍጥረት ሙዚየም» ተከፈተ። መሥራቹ ኬን ሃም የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ምድር ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ ናት፣ ዳይኖሰሮችም ከሰው ጋር ኖረዋል የሚል ሙዚየም ነው። ያው ሰው በ2016 ደግሞ ዊሊያምስታውን ውስጥ 155 ሜትር የሚረዝም የኖኅ መርከብ አሠራ። ዳይኖሰሮቹ መርከቡ ውስጥም አሉ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት በቂ ትንንሾቹን መርጠው ነው።

አልሄድኩበትም። ፎቶና ቪዲዮ ነው ያየሁት። ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልመን፤ አሠራራቸው ያምራል። ጎብኚውን አይንቁትም። መግቢያው አካባቢ ሁለት የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች አንድ ዳይኖሰር ሲቆፍሩ የሚያሳይ ትርኢት አለ። አጥንቱ አንድ ነው፤ አንዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነሳል፣ ሌላው ከሰው አስተሳሰብ። ስለዚህ የሚደርሱበት ይለያያል ይሉሃል። ይሄ ብልህ ትርኢት ነው። አዛውንቱ «ማን ቆጠረው?» ሲሉ የፈለጉትን ነገር፣ ማለትም «አንተስ ከየት ተነስተህ ነው እንዲህ የምትለው?» የሚለውን ጥያቄ፣ ቢያንስ አንስቶታል። የኛ ካርድ አላነሳውም።

ግን ቁፋሮው ላይ ያልተነገረ ነገር አለ። ሙዚየሙን የሚያስተዳድረው ድርጅት በእምነት መግለጫው ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ጋር የሚጋጭ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ብሎ ጽፏል። እንግዲያው አንደኛው ቆፋሪ አካፋውን ከማንሳቱ በፊት ውጤቱን ያውቀዋል። ምንም ቢያገኝ መልሱ አይለወጥም። ይሄ እምነት ነው፤ በእምነትነቱ አከብረዋለሁ፣ አባቴም እንደዚያ ነበር። መቆፈር ግን አይባልም።

እዚያም ሉሲ አለች፣ ታውቃላችሁ? የእሷም ቅርጽ ቆሟል። ቆሟል ስል እንኳ ተሳሳትኩ፤ በአራት እግሩ፣ ጣቶቹን አጥፎ መሬት እንደሚረግጥ ጎሬላ ነው የሠሯት። አጥንቶቹ እኮ ያው አጥንቶች ናቸው። ዋናዋ አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ተቆልፋ ተቀምጣለች፤ እዚያም ቢሆን ጎብኚው የሚያየው ቅጂዋን ነው። የአንዲት ሴት አጥንት ቅጂ አንዱ አገር ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ ሌላው አገር በአራት እግሯ ስትድህ። ሁለቱም ጋ ካርድ አለ። ሁለቱም «እመኑን» ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ የቱን ትመን?

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ሁለቱንም እኩል አሳዩአቸው፣ ሰው ራሱ ይፍረድ» ይላል። ሚዛናዊ ይመስላል። እኔም ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ግን ልሞክረው ስል ወዲያው ተቆላለፈብኝ። የየትኛው አማኝ ካርድ ነው አጠገቡ የሚቆመው? አየርላንዳዊው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር በ1650 ያሳተመው ስሌት ዓለም በ4004 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተፈጠረ ይላል፤ ኬንተኪዎች ወደዚህ ይቀርባሉ። የአይሁድ ዘመን አቆጣጠር ከ3761 ይነሳል። የኛ ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጥራል። ሁሉም ከአንድ የትውልድ ሐረግ ተነስተው፣ በልዩ ልዩ ቅጂ ቆጥረው፣ በመካከላቸው ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ይለያያሉ። ደግሞ ቀኖቹን እንደ ሃያ አራት ሰዓት የማይወስዱ አማኞች አሉ። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከመላምት ያለፈ ነገር ነው ብለዋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። «ሳይንስና እምነት» ብሎ ሁለት ካርድ የሚሰቅል ሰው አንዱን ወገን አማኞች መርጦ የሁሉም ጠበቃ እያደረጋቸው ነው።

በ2012 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የሆነውም ከዚሁ ነው። ጃይንትስ ኮዝዌይ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ አርባ ሺህ ገደማ ባለ ስድስት ጎን የድንጋይ ምሰሶዎች እንደ ንብ ቀፎ ተጠጋግተው የቆሙበት። ከስልሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ የሠራቸው ናቸው። አዲስ የጎብኚዎች ማዕከል ሲከፈት አንድ የድምፅ ቅጂ ውስጥ፣ አንዳንድ ሰዎች ምድር ወጣት ናት ብለው ስለሚያምኑ ለእነሱ ክርክሩ ዛሬም አለ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ገባ። አገር ተነሳ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀየሩት።

ንግግሩ ውሸት ነበር? በቀጥታ አይደለም። እንደዚያ የሚያምኑ ሰዎች አሉ። ግን «ሰዎች ይከራከራሉ» እና «ድንጋዩ ስንት ዓመቱ ነው» ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያውን ስለ ሰው በሚናገር አዳራሽ ውስጥ ብታስቀምጠው፣ የየሕዝቡን የፍጥረት ታሪክ ጎን ለጎን ብታሳይበት፣ እኔ መጀመሪያ ከሚሰለፉት ነኝ። ድንጋዩ አጠገብ ስታስቀምጠው ግን ድንጋዩም የተጠራጠረ ይመስላል።

እና ታዲያ ማን ቆጠረው? ለአዛውንቱ ያልመለስኩላቸውን እዚህ ልሞክር።

አጥንቱ አይደለም የሚቆጠረው። አመዱ ነው። ሉሲ የተገኘችበት፣ አፋር ውስጥ ያለው ሐዳር በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ አመዱን ደጋግሞ ያለበሰው ቦታ ነው። አመዱ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ፤ በውስጣቸው ፖታሲየም አለ። ከዚህ ፖታሲየም ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ አርፎ አይቀመጥም። በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይወስድበታል። ድንጋይ ቀልጦ ሲፈላ ጋዙ ሁሉ ይበናል፤ ሲቀዘቅዝ ማዕድኑ ይጠጥርና ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው አርጎን መውጫ ያጣል። ቀን በቀን ይጠራቀማል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዷን ቅንጣት በሌዘር ያግሏታል፣ ያፈነችውን ጋዝ ትለቃለች፣ ይለካል። ከሉሲ ሥር ያለው አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። እሷ ከላዩ ስለተገኘች ከእሱ ትንሽ ታንሳለች።

«ፍጥነቱ ድሮም እንዲሁ እንደነበር በምን ታውቃለህ?» ቢሉኝ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ሰዓት ብቻ የማይታመነው። ሌሎች ንጥረ ነገሮች በሌላ ፍጥነት ይለወጣሉ። የምድር መግነጢስ ሰሜንና ደቡብ የተገለባበጠባቸው ዘመናት ዓለት ውስጥ ምልክት ትተዋል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዓቶች አንድ ሰዓት ሲናገሩ ሁሉም እኩል ተበላሽተዋል ማለት ይከብዳል።

በሁለት እግሯ ስለመሄዷስ? ይሄ ደግሞ መሣሪያ አይፈልግም። ቁሙና እግራችሁን እዩ። የጭናችሁ አጥንት ከዳሌ ሲነሳ ሰፋ ብሎ ነው፤ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ለዚህ ነው ስንራመድ አንድ እግር ላይ ቆመን የማንወድቀው። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘውም ስለዚህ ነው። የሉሲ ጭን ያዘነብላል። ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1973፣ እዚያው ሐዳር የተገኘ ሌላ ጉልበትም ያዘነብላል። ዳሌዋ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን አጭርና ሰፊ ነው፤ ከቺምፓንዚው ረጅምና ጠባብ ዳሌ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ልጅም ይለየዋል። ታንዛኒያ፣ ላቶሊ ውስጥ ደግሞ ከእሷም የሚቀድም፣ 3.66 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የእግር ዱካ አመድ ላይ ታትሞ ተገኝቷል። የእጅ ዱካ አብሮት የለም።

ይሄን ሁሉ ካርድ ላይ መጻፍ አይቻልም፣ አውቃለሁ። ግን ጉልበቱ? የሰው፣ የቺምፓንዚና የሉሲ ጭን አጥንት ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነቱን ፈልጉ» ማለት ስንት ያስወጣል?

ስለ ካርዱ ቅሬታዬ በዚህ አያበቃም። «የሰው ልጅ ቅድመ አያት» ይላል። በእርግጠኝነት። የሉሲ ዝርያ፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ፣ በቀጥታ መስመራችን ላይ ትሁን ወይስ እንደ አክስት በጎን የቆመች፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ይነጋገሩበታል። በ2016 ቴክሳስ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች አጥንቶቿን መርምረው ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። በ1974 ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን አልተቀበለውም፤ ስብራቱ ከሞት በኋላ አፈር ሲጫናት የመጣ ነው አለ። ክርክር ከተፈለገ እውነተኛው ክርክር ይኸውላችሁ! ይሄን ለምን ይደብቁብናል? አዳራሾቹ ውስጥ የሚቆሙት ባለ ፀጉር ሐውልቶችም እንደዚሁ ናቸው። ከአፅሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው፣ ከራስ ቅሏም ጥቂት ስብርባሪ። ፀጉሯ፣ የቆዳዋ ቀለም፣ ዓይኗ፣ ሁሉም የቀራፂው ግምት ነው። ያንን በጽሑፍ ያላለ ሙዚየም ኬንተኪን «ቅርጿን ፈጠራችሁ» ብሎ ለመውቀስ አፉ ይያዛል።

ከጦጣ ተነስቶ ጎንበስ፣ ቀና እያለ ሰው የሚሆነው የሰልፍ ሥዕልም አለ። በ1965 ነው የታተመው፤ ዛሬ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አለ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል ከዚህ ሥዕል በላይ ጠበቃ የለውም። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ግን ሰውና ቺምፓንዚ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አንድ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው እንጂ ዛሬ ያለ ዝንጀሮ ሰው ሆነ አይደለም። አባቴ ዕድሜ ልኩን የተከራከረው ከዚያ ሥዕል ጋር ነው። ከሳይንሱ ጋር ተገናኝቶ እንኳ አያውቅም።

ሙዚየሞች ተሳስተውም ያውቃሉ። በ1912 ይፋ የሆነው የፒልትዳውን ሰው የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተገጣጥሞ የተሠራ ማጭበርበሪያ ነበር። አርባ ዓመት ያህል ሊቃውንትን አታለለ። ያጋለጡት ግን በ1953 ሌሎች ሳይንቲስቶች ናቸው፤ አጥንቱ ላይ ያለውን ፍሎሪን ለክተው፣ ጥርሱ ላይ የሞረድ ጭረት አይተው። አንዳንድ ሰው ይሄን ታሪክ ሳይንስን ለማሳፈር ያነሳዋል። እኔ ብሆን ሙሉ መስታወት እሰጠው ነበር፣ ሞረዱንም አብሬ።

ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶንያን የሰው ዘር አዳራሽ በ2010 ሲከፈት አንድ ነገር አድርጓል። ከልዩ ልዩ እምነት የመጡ ሰዎች ያሉበት አማካሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ካርዶቹን እንዲቀንሱ ወይም እንዲያለሳልሱ ሳይሆን፣ አማኝ ጎብኚ ይዞ የሚመጣውን ጥያቄ እንዲነግሯቸው። ቁጥሮቹ አልተነኩም። ስለ እግዚአብሔር መኖርም አለመኖርም ግድግዳው አይፈርድም። አዳራሹ ውስጥ የዞረው ጥያቄ «ሰው መሆን ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። አዛውንቱ እዚያ ቢሆኑ ተቀምጠው የሚያወሩበት ሰው የሚያገኙ ይመስለኛል።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ቅድም ዝም ያልኩዎት…» ብዬ የአመዱን ነገር ጀመርኩላቸው፤ በጣም ተንተባተብኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እሱን መች ጻፉት?» አሉ። አላመኑኝም መሰለኝ። ግን «በስማም» አላሉም።

ማታ ቤት ገብተን ከልጅቷ ጋር የራሳችንን ካርድ ለመጻፍ ተቀመጥን። አመዱን አስገባን፣ ጉልበቱን አስገባን፣ «ፀጉሯን ግን አናውቅም» የሚለውን እሷ ጨመረችው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነው ስላት ተነስታ ግድግዳው ላይ ለካች፤ ትበልጣታለች። «ታዲያ እሷም ልጅ ነበረቻ!»

አይደለም፣ አዋቂ ናት አልኳት።

እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «ማን ቆጠረው?»

የመንጋጋዋን ፎቶ ስልኬ ላይ ከፈትኩላት። ከኋላ ያለችውን፣ የመጨረሻዋን ጥርስ አሳየኋት፤ በቅላ ጨርሳለች፣ ማኘክም ጀምራባታለች። ልጅ አፍ ውስጥ አትገኝም። ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ድድ ብቻ እስከሚቀራት።

«እኔ የለኝም» አለች፣ ጣቷን ሳታወጣ።